የባልዲው ሥር

የሆዴ ልጅ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ብቻ ያጉረመርማል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ልጇ ጋ ጠቅልላ ስለሄደች ፎቁ ጭር ብሏል።

ስለ ሰላጣሽ ልንገርሽ። አፈር በሌለው ባልዲ፣ በውሃ ብቻ ተክለሽው ስትሄጂ «በሳምንት አንድ ክዳን ማዳበሪያ ይበቃዋል» ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ክዳን ምን ይሆነዋል ብዬ ሁለት ሁለት ጨመርኩለት። አንቺንም ያሳደግኩሽ እንደዚያው ነው፤ ጠገብኩ እያልሽ እያጎረስኩ። ቅጠሉ ዳር ዳሩን አረረ፤ ሥሩም ቡናማ ሆኖ ተዝለገለገ፣ ሸተተ። ያኔ ነው ደንግጬ የነገርኩሽ።

እንዳልሽኝ የበሰበሰውን በመቀስ ቆርጬ ውሃውን ቀየርኩ፤ ማዳበሪያውንም ቀነስኩ። ብርሃን ገብቶ ውሃው አረንጓዴ እንዳይለብስ ባልዲውን በጥቁሩ ጃኬትሽ ጠቀለልኩት። ባልዲው ውሃ ውስጥ አየር የሚነፋው ትንሹ ሞተር ቡልቅ ቡልቅ ሲል ክፍልሽ ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ ስለዚህ በሩን አልዘጋውም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። በየቀኑ እየደወልሽ «እማዬ፣ ሥሩ እንዴት ሆነ?» ስትዪኝ «ገና ነው» እልሻለሁ። ዋሽቼሻለሁ። ሥሩ እንደ ጥጥ ከነጣ ሦስት ሳምንት ሆነው። መዳኑን ከሰማሽ መደወሉን የምትተዪው መስሎኝ ነው።

አምላክ በሄድሽበት ይከተልሽ፤ ክፉ አይይሽ። እንግዲህ ሥሩ ድኗል። ቢሆንም ደውዪልኝ።

እናትሽ