የቃጫው እግር

ኅዳር 12 ቀን 1959
ለሆስፒታሉ ሁለት አልጋ ጠገንኩ። ክራንች አንድ። ዝናቡ አቁሟል፣ እንጨቱም መድረቅ ጀምሯል። ሌላ ወሬ የለም።

ኅዳር 15
ሞረዳ መጣ። አምና ግንድ ወድቆበት ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የተቆረጠው ጎልማሳ። የሠራሁለት የእንጨት እግር ከብዶታል፣ ያለ ዱላ አይሄድበትም።
«ኦቦ ሀብተጊዮርጊስ፣ ድርቤን ለጋብቻ ጠየቅሁ።»
«ታዲያ ምን ያስጨንቃል?» አልኩት። አባቷ ኦቦ ዋቅወያ «ዱላ ሳይዝ ደጄ ከገባ ልጄን እሰጠዋለሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን መለሷቸው። ሰርጉ ለጥር መጨረሻ ታስቧል። ቀላል እግር ይፈልጋል... ከምን?

ኅዳር 20
ሐኪሙ የመኪናቸውን ገላ ለመጠገን ያስመጡት ሙጫ ተርፏል። ማድረቂያ ጠብ ሲደረግበት ድንጋይ ይሆናል። የሚሠራው ከመስታወት ክር ጋር ነው፤ ክሩ ግን አልቋል። ብቻውን ሞከርኩት። እንደ ብርጭቆ እንክት አለ። የሚይዘው ክር ያስፈልገዋል። ቃጫስ?

ኅዳር 27
ከገበያ ቃጫ ገዛሁ። ሻጯ «ገመድ ሊገምዱ ነው?» አለችኝ። «እግር ልሠራበት ነው» ስላት «ያ ዋቅ! የፈጣሪ ያለህ!» ብላ ሳቀች።

ታኅሣሥ 4
የሞረዳን እግር ቅርጽ በጄሶ አወጣሁ። ቃጫውን ሙጫ እያጠጣሁ ደረብኩበት። ክሩን ሁሉ ወደ ታች አስተኝቼው ነበር። ሲቆምበት ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

ታኅሣሥ 11
አንዱን ድርብ ወደ ታች፣ አንዱን አግድም። አልተሰነጠቀም... ተላጠ። ቃጫው እርጥበት ነበረው። መጀመሪያ ማድረቅ አይቀድምም? ምን ዓይነት ቂል ነኝ!

ታኅሣሥ 25
ቃጫውን አድርቄ ደገምኩት፤ ያዘ። እኔው ራሴ ወጥቼ ዘለልኩበት። ከእንጨቱ ግማሽ እንኳ አይመዝንም። እንዳይወልቅ ብዬ የኋላውን ጠርዝ ከጉልበቱ ማጠፊያ በላይ አወጣሁት። ማሰሪያም ጨምሬበት ጥብቅ ብሏል።

ጥር 9
ዱላውን ትቶ እስከ ጨለለቂ ድረስ ሄደ። ዳገት፣ ጭቃ፣ የወንዝ ድንጋይ... ሁሉንም ሞከርን። «ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ኦቦ» እያለ እጄን አልለቅ አለ። ደስ አለኝ። ምን እደብቃለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ጥር 28
ሰርጉ። ዱላ ሳይዝ ገባ። ኦቦ ዋቅወያ አዩ፣ ሰዉ ሁሉ አየ። እልልታ።
ከዚያ የድርቤን ወላጆች ጉልበት መሳም አለ። ሞረዳ ሊንበረከክ ሲል... እግሩ አልታጠፍ አለ። ያ የኋላ ጠርዝ ገትሮ ያዘው። ደግሞ ሞከረ። ላብ አጠመቀው። ዘፈኑ ቆመ። አንዲት ሴት «ኮራ እንዴ?» ስትል ሰማሁ።
ዳገት ሞክሬያለሁ፣ ወንዝ ሞክሬያለሁ። መንበርከክን ግን? እኔስ ሚስቴን ሳገባ የማንን ጉልበት ነው የሳምኩት? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።
ሞረዳ ሱሪውን ሰብስቦ ማሰሪያውን ፈታ። እግሩን አውልቆ አጠገቡ አስቀመጠና በሁለት ጉልበቱ ተንበረከከ። ሳማቸው። ድርቤ አለቀሰች።
ኦቦ ዋቅወያ መረቁት። እግሩን አንስተው በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉት። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይኼን ያህል አስጨነቅኩህ?» ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው አሰሩለት። ቀና ሲሉ «ዱላውን አምጡለት፣ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ።

የካቲት 6
የሞረዳን እግር የኋላ ጠርዝ ቆርጬ ዝቅ አደረግሁት። ከጉልበቱ በላይ ቀበቶ ጨመርኩበት። አሁን ይታጠፋል።
ዛሬ ደግሞ በዛብሽ የምትባል ሴት በክራንች መጣች። እሷም እንደ ሞረዳ እግሯ የተቆረጠው ከጉልበት በታች ነው። ወሬውን ሰምታለች። ድሮ ቢሆን ሰላምታው ሳያልቅ ሜትሬን ነበር የማወጣው።
«ምን ምን ትሠሪያለሽ?»
«መሄድ ነው የምፈልገው።»
«ሌላስ?»
«ላም አልባለሁ።»
«እስቲ እንዴት እንደምታልቢ አሳዪኝ።»
ክራንቿን ጥላ ቁጢጥ ልትል ስትሞክር ያዝኳት። ሜትሬን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።