ሥርጉት በሩን የሳተች ቀን

ለማከብርዎት ወንድሜ ለጋሼ ደጀኔ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎን ተሻለዎት? እትዬ ደስታነሽስ ደኅና ናቸው? ሀኒ ትምህርቷን ጀመረች? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አለን፤ ፈጣሪ ይመስገን። የስልክ መስመሩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅዎን ስላልሰማሁ ይህን በሰው እጅ ልኬልዎታለሁ። ከሁሉ በፊት አይደንግጡብኝ፤ ሥርጉት ተርፋለች።

እህታችን ከሽንዲ ወደ ጅጋ፣ እናታችን ቤት ልትወልድ መጥታ ነበር። ቀኗ ሳይደርስ ትኩሳትና ራስ ምታት ያዛትና ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። እዚያ እኔና የሥራ ባልደረባዬ ቴዎድሮስ የሠራነው የስልክ ፕሮግራም አለ። ምልክትን ከበሽታ እያያያዘ፣ ይህ ከታየ የዚያ ዕድል ይህን ያህል ነው እያለ የሚያሰላ ነው፤ ቤዚያን ኔትወርክ ይሉታል። ምልክት በጨመርን ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ የምልክት ጥምረት አንድ ረድፍ ያለው የዕድሉ ሠንጠረዥ እየተባዛ ሄዶ የጤና ጣቢያው አሮጌ ስልክ ቀጥ አለ። ስለዚህ ተቀራራቢ ቁጥር ያላቸውን ረድፎች እያዋሐድን ለሁሉም አንድ አማካይ ሰጠን። መልሱ ግምት ቢሆንም ቶሎ ይደርሳል። ቴዎድሮስ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም አለ፤ በብዙ ሕሙማን ሞክረነው ስለሠራ እኔም አመንኩ።

አዋላጇ ፋና የሥርጉትን ምልክት ስታስገባ ስልኩ ወባ ነው አለ፤ የእርግዝና ደም ግፊት ዕድሉን ኢምንት አደረገው። የደም ምርመራውም ወባ አገኘ። ኪኒን ተሰጥቷት ልንወጣ ስንል ሥርጉት በሩን ስታ ግድግዳ ዳበሰች። ምን ሆነሽ ብላት፣ «ከትናንት ጀምሮ ዓይኔን ጨለም ያደርገኛል፤ ለፋናም ነግሬያታለሁ» አለችኝ። ጋሼ፣ ይህ የእርግዝና ደም ግፊት ምልክት ነው። ዓይን የሚጨልምባትን ሴት ረድፍ ከሌሎቹ ጋር ያዋሐድነው እኛ ነን። እንደሷ ያሉት ጥቂት ስለሆኑ ቁጥራቸው በብዙዎቹ ውስጥ ሰጥሞ ቀርቷል።

«ስልኩን ተይውና ግፊቷን ለኪልኝ!» ብዬ ጮኽኩ። ፋና ስትለካው ግፊቷ እጅግ ከፍ ብሎ ነበር፤ ወደ አምቡላንሱ ሾፌር ሮጠች። የፍኖተ ሰላም መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። መሐል ላይ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ባሏ አለበል እግሯን አቅፎ ያለቅሳል፤ እኔ ስሟን እጠራለሁ፣ አትሰማኝም። ሆስፒታል እንደደረስን በኦፕራሲዮን አዋለዷት። ሴት ልጅ ናት፤ ሚጢጢ ናት፣ ግን ትተነፍሳለች። ሥርጉት በማግስቱ ዓይኗን ገልጣ አወቀችኝ።

ፕሮግራሙን አስቁመን ያን ረድፍ ለይተን መልሰነዋል፤ ስልኩ ይዘገያል፣ ይዘግይ። ፍርሃቴ ግን አልለቀቀኝም። በተዋሐዱት ሌሎች ረድፎች ውስጥ ማን እንዳለች አላውቅም። ፋና እንደነገረችኝ ከሥርጉት በፊት አንዲት ነፍሰ ጡር ዓይኔን ብላ መጥታ፣ ስልኩ ወባ ብሏት ኪኒኗን ይዛ በእግሯ ተመልሳለች። ከጅጋ ማዶ ካለው ገጠር መሆኗን እንጂ ስሟን አታስታውስም። በጅጋ የገበያ ቀን ከፋና ጋር የገበያው መግቢያ ላይ ቆመን መልኳን እንፈልጋለን። ባትመጣስ እያልኩ እህል አልወርድ ብሎኛል።

እናታችን ከሕፃኗ አጠገብ አልነሣም ብለዋል፤ ሰላም በይልኝ ይላሉ። አለበል እጅ ይነሣዎታል። ሥርጉት የልጇን ስም እርስዎ እንዲያወጡላት ትለምናለች። እትዬ ደስታነሽን ሰላም ይበሉልኝ፣ ሀኒን ይሳሙልኝ። ስንጸልይ የማናውቃትን ያችን ሴት አብረን እንጠራታለን፤ እናንተም አትርሷት።

እህትዎ ያምሮት
ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.