የሚበላው ቅባት ከሚቀባው ይለይልኝ

ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሁለት ዋርካ የገበያ ማዕከል አስተዳደር ኃላፊ
ቡታጅራ

አመልካች፦ ወ/ሮ ሰልሚያ ሙሀመድአወል፣ በማዕከሉ የሱቅ ተከራይ

ጉዳዩ፦ የምግብ ሱቄ የመዋቢያ ቅባት መሸጫ ነው ተብሎ ስለታሸገ እሽጉ እንዲነሣልኝ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

አቤቱታ በከባድ ፊት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ግን የባለቤቴ የደም ምርመራ ውጤት ጥሩ ሆኖ በመጣ ማግስት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ስለዚህ ሱቄ የታሸገብኝ ሴት ብሆንም ፊቴ አልከብድም ብሎኛል። በጽሑፌ መካከል ከደንቡ የወጣ ደስታ ቢያገኙ ከንቀት እንዳይቆጥሩብኝ እየለመንኩ ነገሩን ከሥሩ አስረዳለሁ።

1. ባለቤቴ ሙንታሲር ሸምሶ ከማዕከሉ ጀርባ ካሉት በያጆች አንዱ ነው። ዐምና ታላቅ ወንድሙ በልብ ሕመም በድንገት ሞተብን። ሙንታሲር ደንግጦ ቢመረመር ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሲስተር ሊዲያ የምትባል የጤና ባለሙያ ቅቤ እንዲቀንስ ነገረችው። እሱ ግን ከፍርሃቱ የተነሣ የሰማው ቅባት የሚባል ነገር ሁሉ ይገድልሃል የሚል ነበር። ቤት እንደገባ ቅቤውን፣ ዘይቱን፣ ኑጉን፣ የልጆቹን ለውዝ ሳይቀር ሰብስቦ ለጎረቤት አደለ። ጎረቤቶቻችን ያን ሰሞን በጣም ይወዱን ነበር።

2. ከዚያ በኋላ የምንበላው ውሃ ብቻ ያየ ጎመንና ደረቅ ቆጮ ሆነ። ባለቤቴ ከሳ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጠቀ፣ ጠባዩም አብሮ ተሰነጣጠቀ። በር ቀስ ብዬ ስዘጋ ለምን ተደበቅሽ ይለኛል፤ ጠንከር አድርጌ ስዘጋ ለምን ተቆጣሽ ይለኛል። ከሁሉ የከፋው የዒድ ቀን ነው። መስቃን ገጠር ያሉት እናቱ ወ/ሮ ሳሌሃ ክትፎውን በቅቤ አርሰው ሲያቀርቡለት አፍንጫውን ይዞ ተነሥቶ ወጣ። ሳሌሃ እጄን ይዘው፣ “ልጄን በምን አስቀየምኩት? ወንድሙን አጣሁ፤ እሱ ደግሞ በቁሙ ሊርቀኝ ነው?” ብለው አለቀሱ። ያን ቀን እኔም አብሬ አልቅሻለሁ።

በማግስቱ ባለቤቴን ወደ ሲስተር ሊዲያ ወሰድኩት። የምንበላውን ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችው።

“እኔ ቅቤ ቀንስ አልኩህ እንጂ ከቅባት ሁሉ ተፋታ መቼ አልኩህ?”

ሰውነት ያለ ቅባት እንደማይሆንለት፣ ጥያቄው የትኛው ቅባት፣ ምን ያህል የሚለው እንደሆነ አስረዳችን። ለዕለቱ ምግብ አቮካዶ፣ ተልባ፣ ለውዝ፣ ኑግ፣ ከተገኘም ዓሣ፤ ቅቤውን ደግሞ ለበዓል፣ ያውም በትንሹ። ሁሉም በልክ ነው አለች።

“አቮካዶ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቅባት የሆነው? ፍራፍሬ አይደል እንዴ?” አላት ሙንታሲር።

“ፍራፍሬም ነው፤ ቅባትም አለው። ሁለቱን መሆን አልተከለከለም” አለችው።

3. የሳሌሃ ጓሮ ውስጥ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ። እስከዚያ ድረስ ከዛፉ የሚጠቀሙት ፍየሎቹ ነበሩ። የሲስተር ሊዲያን ቃል ስንነግራቸው ሳሌሃ ወጥተው የደረሰውን መርጠው መጡ። ደፍጥጠው፣ ሎሚ ጨምቀው፣ ጨውና ሚጥሚጣ ነስንሰው በትኩስ ቆጮ ላይ አደረጉለት። ባለቤቴ አንድ ጎረሰ፤ ደገመ፤ ከዚያ ሳህኑን ትኩር ብሎ አየው። እኔ ደግሞ አልወደደውም ብዬ ሳህኑን ላነሣ እጄን ዘረጋሁ።

“እማ፣ ይህን ነው ለፍየል ስትሰጪ የኖርሽው?”

“አንተ መቼ ጠየቅኸኝ?” አሉት።

ተያይተው ሳቁ። ከወንድሙ ሞት በኋላ ሁለቱ አብረው ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው። የተከበሩ ኃላፊ፣ ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ቢሉኝ እቀበላለሁ፤ ግን ልተወው አልቻልኩም።

4. ምሳውን እየቋጠርኩ ስልክለት በያጆቹ እየቀመሱ ለባለቤቴ አላስተርፍ አሉት። ስለዚህ በማዕከሉ ሱቅ ተከራይቼ፣ የምግብ ፈቃድ አውጥቼ ሥራ ጀመርኩ። አቮካዶ በቆጮ፣ አቮካዶ በዳቦ፣ ጎመን በኑግ፣ ተልባ ብጥብጥ እሸጣለሁ። ሙንታሲር በደስታ ብዛት ሰሌዳ በራሱ እጅ ሠራልኝ። የጻፈበትም “ጤናማ ቅባት ለዕለት ኑሮዎ” የሚል ነው። ምግብ የሚል ቃል ይግባበት ስለው፣ “ሰው ሲበላ እያዩ አይገባቸውም?” አለኝ።

አልገባቸውም። መጀመሪያ አንድ አዛውንት ለተሰነጠቀ ተረከዝ የሚሆን ጠየቁኝ። ቀጥሎ ሽታ የሌለው ለሕፃን ገላ የሚሆን የፈለገች እናት መጣች። ሁለቱንም አብልቼ መለስኳቸው።

5. ባለፈው ሰኞ ከወልቂጤ ለዘመድ ሠርግ የመጣች መምህርት ትርንጎ የምትባል ደንበኛ ለፀጉር የሚሆን ጠየቀችኝ። የሚበላ ነው ብዬ አስረዳኋት። እሷም ካቀረብኩላት አቮካዶ ግማሹን በላች፤ ግማሹን፣ እኔ ተልባ ስበጠብጥ፣ ፀጉሯን ቀባችው። የማዕከሉ ተቆጣጣሪ አቶ ሙባሪክ የደረሰው በዚህ ሰዓት ነው። ሰሌዳውን አነበበ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ፀጉሯን አየ። ትርንጎ የጠቀመችኝ መስሏት፣ “እንዲህ ያለ ቅባት አዲስ አበባም አላገኘሁ” ብላ መሰከረችልኝ። ማስረጃው በራሷ ላይ ስለነበር እኔ ምን ብዬ ልከራከር?

የመዋቢያ ዕቃ ያለ ፈቃድ፣ ያውም ከተመደበለት ረድፍ ውጭ መሸጥ ክልክል ነው ተብሎ ሱቄ ታሸገ። አቶ ሙባሪክ የሠራው በትሕትና ነው፤ አልከሰውም። እንዲያውም ወረቀቱን በሩ ላይ እየለጠፈ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እትዬ፣ የደም ግፊት ላለበት አባቴ ከነዚህ የቱ ይሻለው ይሆን?” ብሎ ጠየቀኝ። ወደ ሲስተር ሊዲያ ላክሁት።

6. ጉዳዩን አጣዳፊ የሚያደርገው፣ ሳሌሃ በእጃቸው የለቀሙት አቮካዶ ሱቁ ውስጥ እንዳለ መታሸጉ ነው። አቮካዶ እንደ ጨርቅ አይደለም፤ ውሳኔ አይጠብቅም። ዛሬ ሲነኩት እሺ የሚል ከቀናት በኋላ ይጠቁራል። ሳሌሃ በየማለዳው ደውለው፣ “ሸጥሽልኝ?” ይሉኛል። “እየደረሰ ነው” እላቸዋለሁ። እውነቴን ነው። በድካማቸው ላይ ሌላ ኀዘን ልጨምርባቸው አልፈልግም።

ስለዚህ፣

ሀ. የምሸጠው ወደ አፍ የሚገባ እንጂ ቆዳ የሚቀባ አለመሆኑ ሱቁን በመክፈት እንዲታይልኝና እሽጉ እንዲነሣ፤

ለ. ሰሌዳው “የሚበላ” የሚል ቃል ተጨምሮበት እንዲሰቀል እንዲፈቀድልኝ፤ ባለቤቴ ፊደሉን ቆርጦ ጨርሷል፤ ትንሽ ተለቅ ብሎበት ከሌላው ጽሑፍ ቢበልጥም ይታለፍልኝ፤

ሐ. ደንበኛ የገዛውን ምግብ በገዛ ፀጉሩ ላይ ቢያደርግ እኔ እንዳልጠየቅበት፤

በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ሱቁ ሲከፈት ራስዎ ተገኝተው ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል። ጉቦ እንዳይመስልብኝ አስቀድሜ ምንም አላቀርብም፤ ውሳኔዎን ፈርመው ማኅተም ካደረጉ በኋላ ግን በማዕዳችን ይቀመጡ። ውሳኔው እምቢ የሚል ቢሆንም ሳሌሃ ያው ይጋብዙዎታል፤ የመጣ እንግዳ ምን ፈርሞ እንደመጣ የመጠየቅ ልማድ የላቸውም።

ከአክብሮትና ከልብ ሰላምታ ጋር

ሰልሚያ ሙሀመድአወል
(ፊርማ)