ለግራ እጅ የተመረጠ መፍቻ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.። እስከ ረፋዱ ሁለት ክሪክ፣ አንድ የካቻቢቴ ስብስብና ጥቂት ጣሳ የዝገት ማላቀቂያ ሸጥኩ። አንድ ድሪል ተመልሶ መጣ፤ ሰውዬው ቀለም ሲበጠብጥበት አቃጥሎት "ሲወለድም የታመመ ነው" ይለኛል። አልተቀበልኩትም፤ ሻይ ግን ጋበዝኩት። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለጋሼ እሸቴ። እንደምን ከርመሃል? ትከሻህስ እንዴት ይዞሃል? ሌሊት እንቅልፍ ይወስድሃል ወይስ አሁንም ትራስ ደርድረህ ተቀምጠህ ነው የምታነጋው? የደሴ ብርድ ስብራት እንደሚቀሰቅስ አውቃለሁና ጋቢውን ከላይህ አታውርድ። እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት? ባለቤትህ አዝመራና ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። ልጄ ሔዋን ቦሌ ለሚ ካለ የልብስ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ተቀጥራለች፤ አሁን የእኔን ቀሚስ ሳይቀር ስፌቱን ገልብጣ እያየች ታሳፍረኛለች።

ወደ ዕቃው ልምጣ። ባለፈው በስልክ "ሱቅሽ ውስጥ ካለው ሁሉ ጉልበተኛውን የብሎን መፍቻ ማሽን ላኪልኝ፤ ጎማ ብቻ ሳይሆን ቤት የሚነቅል ይሁን" አልከኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። በመስቀል ማግስት የመፍቻው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክተህ፣ እሱ ላይ ቆመህ ስትዘል ነው ብሎኑ ተበጥሶ በትከሻህ የወደቅከው። እንደዚያ የሚፈታው መካኒክ አንተ ብቻ አይደለህም፤ እዚህ ጉርድ ሾላም ከሱቄ ፊት ለፊት ሰው ቧንቧ ላይ ሲጨፍር ሳላይ የምውልበት ቀን የለም። ስለዚህ ማሽን መፈለግህ ትክክል ነው፤ በዚህ አልከራከርህም።

ደንበኞቼ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብበው ትልቁን ይዘው ይሄዳሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሸጥላቸዋለሁ። ለአንተ ግን እንደዚያ አልመረጥኩም። ቀኝ እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ ማሽኖቹን በግራዬ ብቻ ተራ በተራ አነሳኋቸው፤ አሁን ያለህ እጅ እሱ ነውና። በኤሌክትሪክ ገመድ የሚሠራው ዋጋው ይሻላል፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ጎማ በግማሽ ፈትተህ ልትቀመጥ ነው። ትልቁ የባትሪ ማሽን ደግሞ ገና ማስነሻውን ስነካው አንጓዬን ጠምዝዞ ጠረጴዛው ላይ ደፋኝ። ከጎኔ ያለው ጎማ ሻጭ አይቶኝ "እትዬ ዘርፌ፣ ከማን ጋር ነው የሚታገሉት?" ብሎ ሳቀብኝ። "ከወንድሜ ጋር" አልኩት።

መካከለኛውን ወሰድኩ። በግራ እጄ ዘርግቼ ስይዘው እጄ አልተንቀጠቀጠም። ስለ ጉልበቱ ግን የካርቶን ወሬ ስለማላምን እሁድ ዕለት ሰሚት ይዤው ሄድኩ፤ በረከት ዘንድ። በረከት የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ መኪናውን ራሱ የሚጠጋግን የባንክ ሠራተኛ ነው። አንድ ጎሚስታ የኋላ ጎማውን በአየር ማሽን እስከ ጥግ አጥብቆበት፣ ከክረምት ጀምሮ መፍታት አቅቶት ነበር። ማሽኑ ተንጫጫ፣ ተንጫጫ፤ ብሎኑ ንቅንቅ አላለም። በረከት ፊቱን አጨማድዶ "እትዬ፣ ይሄማ የፀጉር ማድረቂያ ነው" አለኝ። የዝገት ማላቀቂያ ነፋንበት፣ ባትሪውን በደንብ በተሞላው ቀየርን፣ ጥቂት ጠብቀን ደገምን። ቋ ብሎ ተላቀቀ። በረከት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ጎማውን እንደ ልጅ አቀፈው። "ይሽጡልኝ" ቢለኝ "ባለቤት አለው" አልኩት።

አብረውት የሚመጡትን፣ ብሎኑን የሚያቅፉትን ጥቋቁር ቡሶላዎች ብቻ ማሽኑ ራስ ላይ ግጠም። ቤትህ ያሉት የሚያብረቀርቁት ለእጅ ሥራ የተሠሩ ናቸው፤ በማሽን ይሰነጠቁና ፍንጣሪያቸው ዓይን ያጠፋል። ስታጠብቅም ማሽኑን ለመጀመሪያው ብቻ ተጠቀምበትና መጨረሻውን በእጅ ጨርሰው። አለዚያ አንተም የሰው ጎማ የምትቆልፍ ጎሚስታ ትሆናለህ።

አሁን የምትቆጣበትን ልንገርህ። ካርቶኑ ውስጥ ባትሪ የለም፤ ፈልገህ አትድከም። ባትሪውና ቻርጀሩ እኔ ጋ ናቸው። አዝመራ ደውላልኝ ነበር። "ዘርፍዬ፣ ከገበያ ስመለስ እግሩ ብቻ ከመኪና ሥር ወጥቶ አየሁት። በአንድ እጁ ሊሠራ! እጁ የታሰረበት ጨርቅ በረንዳው ላይ ተጥሏል" ብላ አለቀሰችብኝ። እሷን አትቆጣት፤ ሐኪሙ ያለውን ጠይቄ ያውጣጣኋት እኔ ነኝ። እስከ ገና ድረስ ምንም ካነሳህ አጥንቱ ጠማማ ይገጥማል፣ እጅህም ከዚህ በኋላ ከትከሻህ በላይ አይወጣም ብሏል። ይህን ለእኔ አልነገርከኝም። በስልክ ባነሳው ትዘጋብኛለህ፤ ደብዳቤ ግን አይዘጋምና ከማሽኑ ጋር ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ።

የምትለውን አውቃለሁ። "ደጄ ላይ መኪና ካልቆመ ሰው የሞትኩ ይመስለዋል" ብለኸኝ ነበር። ያ ንግግርህ ዕቃ ስቆጥርም፣ ከደንበኛ ጋር ስከራከርም ከጆሮዬ አልወጣም። እኔም ሱቄ አንድ ሳምንት ተዘግቶ ቢውል እንደዚያው የምል ይመስለኛል። ማሽኑን አስቀድሜ የምልከው ለዚህ ነው። በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠው። ደንበኛ ሲመጣ በግራ እጅህ አንስተህ አሳየውና "ከገና በኋላ በዚህ ነው የምሠራልህ" በለው። ለሞተ ሰው አዲስ ማሽን እንደማይላክ ሁሉም ያውቃል።

ባትሪውን በሰው እጅ አልልክም። ገና ሲደርስ እኔ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ ሁልጊዜ "ሱቁን ለማን ልተው" እያልኩ የቀረሁበትን መንገድ አሁን ልሄደው ቆርጫለሁ። ሐኪሙ ይሁን ካለ በበዓሉ ማግስት የመጀመሪያውን ጎማ አብረን እንፈታለን። ገና አልዳንክም ካለ ግን ባትሪውን ይዤ እመለሳለሁ። እንደማደርገው ታውቃለህ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ያዘዘችው ወፍራም ካልሲ ከማሽኑ ሥር ተጠቅልሏል። አዝመራን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ዛሬ ባትስማት እንኳ ነገ ሳማት። ለልጅህ ለሳምራዊት፣ የፈተናዋን ውጤት ራሷ ደውላ እንድትነግረኝ ንገራት። ትንሹን ኢዩን ጉንጩን ቆንጥጥልኝ፤ ማሽኑን ሊያስነሳ ቢታገል ዝም ብለህ እየው፣ ትስቃለህ። ጎረቤቶችህንም በሙሉ ሰላም በልልኝ።

እህትህ ዘርፌ፤ ጉርድ ሾላ፣ አዲስ አበባ።

የነገ ሥራ፦ በጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ሄጄ ካርቶኑን ለደሴው አውቶቡስ ረዳት እሰጣለሁ። ስመለስ ባትሪውን ከመደርደሪያው አውርጄ "የተሸጠ" የሚል ወረቀት እለጥፍበታለሁ።