የጌንታን ቀኝ እጅ ስላበቀሉልን

ለተከበሩ የሳምንታዊው የሥዕል ታሪክ መጽሔት ዋና አዘጋጅ
ቶኪዮ

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎንም ባልደረቦችዎንም በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ሁለቱም እጆቻችሁ ደህና ሆነው እንድታገኛችሁ ከልቤ እመኛለሁ። ኩሚኮ ናሩሴ እባላለሁ፤ ሂሚ ወደብ ላይ ከባለቤቴ ከሹኪቺ ጋር ጸጉር ቤት አለን። ትምህርቴ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያበቃ ነው፤ ወሬ ግን እወዳለሁና ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ።

የምጽፍልዎ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ስላነበብነው ስለ ሰይፈኛው ጌንታ ነው። ገና በመጀመሪያው ዓመት ጠላቱ ቀኝ እጁን እንደቆረጠበት፣ ከዚያ ወዲህም በግራው ሰይፍ መያዝን ከሀ ጀምሮ እንደተማረ አይጠፋዎትም። በመጨረሻው ክፍል ፍልሚያው በተጀመረ በአራተኛው ገጽ ብርሃን ፈነጠቀና ቀኝ እጁ በቀለ፤ በአምስተኛው ገጽ ጠላቱ ወደቀ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ጊዜያችንን ስለቆጠቡልን አመሰግናለሁ። ደንበኛችን ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ካንጂ መጽሔቱን ደጋግሞ ካገላበጠ በኋላ «አንቺ ኩሚኮ፣ ገጽ ቀድዳችሁበታል እንዴ? ውጊያው የታለ?» አለኝ። «ኧረ ጋሼ ካንጂ፣ አልቆ ነው» ስለው፣ «እንዲህ ከሆነማ ምን አደከመው? ቁጭ ብሎ እጁ እስኪበቅል አይጠብቅም ነበር!» አለ።

፪. ከጭንቀት ስለገላገሉን አመሰግናለሁ። ማሸነፉንማ ከመጀመሪያውም እናውቅ ነበር፤ ጀግና አይደል? ሰኞን የምንናፍቀው በምን እንደሚያሸንፍ ለማየት ነበር። ሲወድቅና ሲነሳ ባየነው፣ ባፈረበት፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ግራ እጁ ቢያሸንፍ ድሉ የእኛም ይሆን ነበር። ከሰማይ የወረደ እጅ ግን የማንም አይደለም።

፫. ይህችኛዋ ትንሽ ትከብደኛለች። ሹኪቺን ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከመታው ሁለት ዓመት ሆነው። ጀማሪ ጸጉር አስተካካይ እንደሚለማመደው ፊኛ እየነፋን፣ የሳሙና አረፋ እየቀባን፣ በግራ እጁ በምላጭ መላጨት ጀመረ። መጀመሪያ ሰሞን ፊኛው ስለሚፈነዳ ጎረቤት ሁሉ «ዛሬ ደግሞ የምን ርችት ነው?» እያለ ይስቅብን ነበር። በዚህ ክረምት ግን ሦስት ፊኛ በተከታታይ አንድም ሳያፈነዳ ላጨ! «ጌንታ ያሸነፈ ዕለት እውነተኛ ሰው እላጫለሁ» አለ፤ ካንጂም ጉንጩን ሊሰጥ ቃል ገባ።

ያ ሰኞ ደረሰ። ካንጂ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «በል ሹኪቺ፣ አንገቴን ብቻ ማርልኝ» ሲለው፣ ባለቤቴ መጽሔቱን ዘግቶ «ጌንታ እንኳ በግራው አልቻለም። የሱ በቀለለት፤ የኔ አይበቅልም» አለ። ፊኛዎቹን ለጎረቤት ልጆች እንድሰጥ ነገረኝ። ካንጂን የላጨሁት እኔ ነኝ።

ወደ ቢሮዎ ደውዬ ነበር። አንዲት ትሁት ሴት፣ ታሪኩ አንባቢዎች ከመጽሔቱ ቆርጠው፣ የወደዱትን ታሪክ መርጠው በሚልኩት ፖስትካርድ ለአሥር ሳምንት መጨረሻ ስለወጣ ደራሲው በሦስት ሳምንት እንዲጨርስ መታዘዙን አስረዳችኝ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ ቤት አንዷን ቅጂ ሠላሳ ሰው ያነባታል። እኔ ግን «ለደንበኛ የሚቀርብ መጽሔት አይቆረጥም» እያልኩ በዘጠኝ ዓመት አንዲት ፖስትካርድ እንኳ አልላክሁም፤ ቀኑን ሙሉ መቀስ ይዤ የምውል ሴት! ስለዚህ ከጥፋቱ ግማሹን ለራሴ ወስጃለሁ። ይህን ለሹኪቺ ልነግረው ስላልደፈርኩ፣ ደብዳቤዬን ቢያትሙልኝ እንደማንኛውም አንባቢ እዚያው ያነበዋል።

በእርስዎ ፍጥነት እየተደነቅሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ ከሠላሳ አንባቢዎቼ ጋር አንድም ድምፅ ሆኜ ያልተቆጠርሁ፣

ኩሚኮ ናሩሴ

ማስታወሻ፦ በእነዚያው ገጾች ላይ አዲስ ታሪክ እንደሚጀምሩ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ አዲሱን ጀግና ከመነሻው ሙሉ አካል ይስጡት፤ እዚህ የተጎዳ ሰው አይቶት በከንቱ ተስፋ እንዳያደርግ።