ሦስት ጊዜ ለተቀመጠው የጤና ጣቢያችን ድንጋይ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ታፈሰ
የወረዳችን ዋና አስተዳዳሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብንና ትንሽ ነገር መጠየቅን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህን ደብዳቤ የጻፈልዎ በጆሃንስበርግና በአካባቢዋ ካለው ሐበሻ ሁሉ በጽሕፈት የሚስተካከለው የሌለ ሰው ነው። ሁሉ ስል እንግዲህ እኛ ሰፈር፣ ቴምቢሳ ያለውን ማለቴ ነው፤ ቴምቢሳ ስልም በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማታ ማታ ፊደል የምንቆጥረውን። ከእነሱም መሃል ዮኒ የሚባለው ጓደኛዬ ይበልጥሃል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ዮኒ ለባለሥልጣን መጻፍ ይፈራል፣ ስለዚህ አንደኛ እኔ ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የምመኘውም ለወጉ ያህል ሳይሆን፣ በወረዳችን የታመመ ሰው ምን እንደሚገጥመው ስለማውቅ ከልቤ ነው።

ባለፈው ወር እዚህ ድረስ መጥተው ስለ ልማታችን ሲያስረዱን፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበው እኔ ነበርኩ። የጤና ጣቢያውን የመሠረት ድንጋይ ተሸክሞ አውሮፕላን መሳፈር ስለማይቻል፣ ፎቶግራፉን በትልቁ አሳትመው፣ መጋረጃ አልብሰው፣ በጭብጨባ መካከል ገለጡልን። የድንጋይ ፎቶግራፍ ሲመረቅ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ማንበብም ስለጀመርኩ የተቀረጸውን አነበብኩት፤ የክቡርነትዎ ስም «ጤና ጣቢያ» ከሚለው ቃል በልጦ ስለተጻፈ መነጽር እንኳ አላስፈለገኝም።

መምህርታችን እትዬ አሰገደች፣ «አንተ ልጅ፣ ነገርህን ቁጥር ስጠው፤ አለዚያ እንደ ወሬህ ማለቂያ የለውም» ስላሉኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ድንጋዩ አመሰግናለሁ። መጀመሪያ የተቀመጠ ጊዜ እኔም አገር ቤት ነበርኩ፤ ከጎረምሶቹ ጋር ሆኜ በሆታ ተቀብያለሁ፣ ከታረደው በሬም ቀምሻለሁ። ቀጥለው የመጡት አስተዳዳሪ የፊተኛውን ስም አስፍቀው የራሳቸውን አስቀረጹና እንደገና አስቀመጡት። ክቡርነትዎም ሲሾሙ የእሳቸውን አስፍቀው ለሦስተኛ ጊዜ አስቀመጡት። ድንጋዩ ከመፋቅ ብዛት ሳስቷል ይባላል። እንግዲህ ከክቡርነትዎ በኋላ የሚሾም ሰው ስሙ አጭር ቢሆን ይመረጣል።

፪ኛ. ድንጋዩ ለሕዝብ ስለሰጠው አገልግሎት አመሰግናለሁ። አምና በክረምት እህቴ ፀገነት ምጥ ይዟት፣ ጎረቤቶቻችን በቃሬዛ ተሸክመው በዚያ ጭቃ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሲወስዷት፣ ድንጋዩ ዘንድ ሲደርሱ ቃሬዛውን ላዩ ላይ አሳርፈው ትንፋሻቸውን ሰብስበዋል። ስለዚህ ድንጋዩ ለበሽተኛ አልጠቀመም የሚል ቢኖር ክቡርነትዎን የሚጠላ ሰው ነው። ሕፃኑ ሆስፒታል ሳይደርስ መሞቱ በድንጋዩ አይፈረድም። ፀገነት ዘንድሮም ነፍሰ ጡር ናት፤ የምትወልደውም እንደ አምናው ክረምት ላይ ነው። ይህን የጻፍኩት ክቡርነትዎ በዚያ ሰሞን ድንጋዩን ለአራተኛ ጊዜ ሊያስቀምጡ አስበው ከሆነ መንገዱ እንዳይጨናነቅ ብዬ ነው።

፫ኛ. ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። እኔ በማታው ክፍል ከእነ ዮኒ ጋር ስጋፋ ስንት ፍዳዬን አየሁ፤ ክቡርነትዎ ግን ሌላ ተወዳዳሪ ስላልነበረ ሳይደክሙ አንደኛ ወጡ። ሕዝቡም ማንን እንደመረጠ አስቀድሞ ስለተነገረው፣ ከማሰብ ድካም ድኗል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ያለው መንግሥት ይሻላል ብዬ አልዋሽዎትም። ቴምቢሳም ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፤ ሰዉ ሲቆጣ ጎማ ያቃጥላል፣ እኔም እዚህ ስፓዛ የሚሏትን ትንሿን የሰፈር ሱቄን ጥርቅም አድርጌ እዘጋለሁ፤ ቁጣው መንግሥት ዘንድ ከመድረሱ በፊት እኔ ጋ ጎራ ብሎ ስኳር ይዞ የሚሄድበት ቀን አለና። ነገር ግን ውሃ በጠፋ ሰሞን፣ ደንበኛዬ የሆኑ አንዲት አሮጊት፣ እኛ ጎጎ የምንላቸው፣ የሰፈሩን ተመራጭ በስብሰባ መሃል አስቁመው፣ «ቀና ብለህ እየኝ እንጂ ልጄ፤ ባለፈው እዚሁ ቆመህ ምን ነበር ያልከን?» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰውዬው መሐረብ አውጥቶ ላቡን ጠረገ። ውሃውስ ቶሎ አልመጣም፤ ጎጎ ግን ያን ዕለት ቤታቸው አደሩ። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው።

የምለምንዎም ይህንኑ ነው። በሚመጣው ምርጫ ከክቡርነትዎ ጋር የሚወዳደር ሰው ይኑር፤ ድምፁም በሕዝብ ፊት ይቆጠር። ቃሉን ያልጠበቀ አስተዳዳሪ ዘመኑ እስኪያልቅ ሳይጠበቅ የሚወርድበት ደንብ ይውጣ። እህቴ በስብሰባ ተነስታ «ጤና ጣቢያው የት ደረሰ?» ብትል፣ ፀረ ልማት ተብላ ባሏ ማዳበሪያ አይከልከል። ባለሥልጣንም የመሠረት ድንጋይ ማስቀመጥ ይቅርበትና ጣራው ሲከደን ይምጣ፤ ያኔ ስሙን በር በሚያህል ፊደል ያስጽፍ፣ እኔ ራሴ ሄጄ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። ይህ ከሥልጣኔ በላይ ነው የሚሉ ከሆነ ለበላይዎ ያስተላልፉልኝ፤ እሱም ለበላዩ። የድንጋይ ፎቶግራፍ ይህን ሁሉ አገር ካቋረጠ፣ የእኔ ደብዳቤ ጥቂት ደረጃ መውጣት አያቅተውም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜና አጭር የሥልጣን ዘመን እየተመኘሁ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እሰናበታለሁ።

የፊት ወንበር አጨብጫቢዎ
ማናሴ
ከቴምቢሳ

ግልባጭ፦
ለድንጋዩ

ማስታወሻ፦ ከላይ ከጻፍኩት አንዱን ፈጥሬዋለሁ። ቃሬዛው ድንጋዩ ላይ አላረፈም፤ ይህን ያልኩት ለድንጋዩ አንድ ጥቅም እንኳ ላገኝለት ብዬ ነው። ፎቶግራፉ ላይ አይታይም እንጂ ድንጋዩ በሽቦ ታጥሯል፣ ዘበኛም ተቀጥሮለታል። ተሸካሚዎቹ ትንሽ እናሳርፋት ብለው ሲለምኑት፣ ዘበኛው «ክቡርነታቸው ያስቀመጡት ነው፣ ደም ይነካብኛል» ብሎ መለሳቸው። ያሳረፏት ከአጥሩ ውጭ፣ ጭቃው ላይ ነው። ፀገነት የወለደችውም እዚያው ነው።