የፊልሙ ቤትና የእማሆይ ጠበል

ላሊበላ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ወርቅአገኘሁ፣
የቀበሌያችን የባህልና የቅስቀሳ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልሁ፣ እንቅልፍዎ ሰላማዊ፣ ልብዎ የተረጋጋ፣ ደጅዎም ከማናቸውም ኮሽታ የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የዜማ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ነኝ። ሰፊው ሕዝብ ሂሱን በአደባባይ እንዲያቀርብ በየስብሰባው ስላስተማሩን፣ ይህን ደብዳቤ ወደ ቢሮዎ በመላክ ፈንታ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌን እንደ ታዛዥነት እንዲቆጥሩልኝ እለምናለሁ።

የደብዳቤዬ ጉዳይ አንድ ነው፤ እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ከቀበሌው እስር ቤት ወጥተው ቤታቸው እንዲገቡ። ሳያመሰግኑ መለመን ነውር ስለሆነ ግን በምስጋና እጀምራለሁ።

የፊልም መኪናው የጋሸናን አቧራ ጠጥቶ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት አልፎ የመጣው እኛን ከአጉል እምነት ለማላቀቅ እንደሆነ ነግረውናል። መንፈስ የሚባል ነገር አለመኖሩን ለማስረዳት መንፈስ የሞላበትን ቤት ታሪክ መምረጥዎ በእኔ አእምሮ የሚደረስበት ዘዴ አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የአዳራሹን መስኮቶች በማዳበሪያ ከረጢት ጋርዳችሁ፣ አቡጀዲ ወጥራችሁ አሳያችሁን። አንድ ቤተሰብ ባለ ብዙ ክፍል ቤት ገዝቶ ይገባል፤ በሩ ማንም ሳይነካው ይከፈታል፤ ደረጃው ሰው ሳይረግጠው ይንቋቋል፤ ሰዎቹ ግን ወጥተው አይሄዱም። ከሙጃ የመጡትን ገበሬዎች ያስደነቃቸው በሩ ሳይሆን፣ ያን የሚያህል ቤት እስከ ዛሬ በትርፍ ቤትነት ሳይወረስ መቅረቱ ነበር። እርስዎም እንግሊዝኛውን ሲተረጉሙልን፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያቃስተው መንፈስ ሳይሆን ቤቱ መወረሱን ያልተቀበለ የፊውዳል ርዝራዥ መሆኑን አብራሩልን። ስለ ማብራሪያው አሁንም አመሰግናለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ ፊልሙ ከመጠን በላይ ተወደደ። ተማሪዎቼ ዜማቸውን ጥለው አዳራሹ በር ላይ ዋሉ። በመጀመሪያው ቀን ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው የጮኹ ሴቶች በማግስቱ ቀድመው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ጎረቤቴን ወይዘሮ ይማርሽን፣ ሰው ወዶና ፈቅዶ ለመደንገጥ እንዴት ይሰለፋል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ይኸኛው ፍርሃት እኮ ያልቃል፣ መሪጌታ፤ መብራቱ ሲበራ ተሳስቀን ወደየቤታችን እንሄዳለን» አሉኝ። የማያልቀው ፍርሃት የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። እርስዎም ባይጠይቋቸው ደስ ይለኛል።

ሁለተኛውና ዋናው የእማሆይ ነገር ነው። እማሆይ ዕድሜያቸውን በሙሉ ለሕመምተኛ ጠበል ሲያደርሱ የኖሩ መነኩሲት ናቸው፤ ጠርሙሳቸው ከእጃቸው አይለይም። በሦስተኛው ቀን፣ በፊልሙ ውስጥ ያለችው ትንሽ ልጅ ብቻዋን ወደ ጨለማው ምድር ቤት ስትወርድ፣ «ተመለሽ ልጄ! ኧረ እናቷን ጥሩልኝ!» እያሉ ተነሡ። እናቷን የሚጠራላቸው ሰው ሲያጡ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ነገሩ ሁሉ ብርሃን ከሚተፋው ማሽን እንደሚወጣም ልብ አሉ። ስለዚህ በስመ አብ ብለው ጠበሉን አቡጀዲው ላይ ሳይሆን ማሽኑ ላይ ረጩት። የጋለው አምፖል ፈነዳ፤ አዳራሹም ጨለመ። እኛ በያለንበት ደርቀን ስንቀር በሩን ቀድሞ ያገኘው ማን እንደሆነ በጨለማው ምክንያት መመስከር አልችልም። ደጅ ወድቆ የተገኘው ኮፍያ ግን እኔ ዘንድ በክብር ተቀምጧል።

እማሆይ በኢኮኖሚ አሻጥር ተከሰው ታሰሩ። በሕግ ነገር አላዋቂ ስለሆንሁ እርማትዎን እየጠበቅሁ ልጠይቅ፤ ጠበሉ ኃይል ኖሮት ከሆነ ማሽኑን ያቃጠለው፣ ትምህርትዎ ምን ሊሆን ነው? ውኃ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ክሱ አንዲት አሮጊት ውኃ አፈሰሱ ወደሚል ይወርዳል። ከሁለቱ የወደዱትን እንዲመርጡ በትሕትና አሳስባለሁ። እኔ ግን ተናድጃለሁ። የላስታ ኅዳር ምን ያህል እንደሚበርድ ያውቃሉ፤ እማሆይ እስር ቤት በተባለው መጋዘን ውስጥ ከተሰበረው ማሽን ጋር ባዶ መሬት ላይ ይተኛሉ። ለማሽኑ ብርድ ልብስ አልብሳችሁታል።

ሦስተኛ፣ ቤታቸውን ስታሽጉ ድመታቸውን ውስጥ ረሳችኋት። በጣሪያው ቀዳዳ ስለምትወጣና ስለምትገባ አልተራበችም፤ ግን ድስት ትጥላለች፣ በር ትቧጥጣለች። ጥበቃው ጓድ አረጋም ድምፁን ከሰማ ወዲህ ቤቱን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ይጠብቃል። ወጣቶች ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ፣ ተቃቅፈው ጆሯቸውን በሩ ላይ ይለጥፋሉ፤ ኮሽ ባለ ቁጥር እየጮኹ ይሮጣሉ፤ ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ። ድመት መሆኗን ብነግራቸው ተቆጡኝ። ቀበሌያችን በእርስዎ አመራር ያለ መኪናና ያለ አምፖል የራሱን ፊልም ስላገኘ እንኳን ደስ ያለዎት እላለሁ። ተመልካቹ የሚያስበው ግን ስለ መንፈስ ሳይሆን የቤቱ ባለቤት የት እንዳሉ ነው፤ ያንንም በሹክሹክታ ይነጋገራል።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ከአጉል እምነት ስላላቀቁን፣ በአንዲት መነኩሲት ላይ ያገኙትንም ታላቅ ድል በትሕትና ስለያዙት ደግሜ ደጋግሜ አመሰግናለሁ። በአቋምዎ ያጽናዎ፤ በጨለማም ያበርታዎ።

የእርስዎ ዘወትር አክባሪና ትምህርትዎ ቶሎ የማይገባው ደቀ መዝሙር፣
መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል

ማስታወሻ፦ ትናንት ከግቢዎ የመጣች አንዲት ሴት፣ አምፖሉ ከፈነዳ ወዲህ ፋኖስ ካልበራለት ስለማይተኛ ሰው ጠበል ፈልጋ፣ ባዶ ጠርሙስ ትታልኝ ሄዳለች። የሰውየውን ስም አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ጠበሉን ከምንጩ የሚቀዱት ግን እማሆይ ብቻ ናቸው፤ ዲያቆናቱም እሳቸው በሕይወት እያሉ በአገልግሎታቸው አንገባም ብለዋል። ጠርሙሱ መስኮቴ ላይ ነው። የመጋዘኑ ቁልፍ ደግሞ እርስዎ ኪስ ውስጥ ነው።